በበራድ ውስጥ የፈካች አበባ

ሰው ስለ ምላሴ የፈለገውን ይበል፤ ስለታም ነው፣ አልክድም። ስለ እጄ ግን ማንም ክፉ ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ ልያው ቹንሙ እስኪናገር ድረስ።

ስሜ ልየን ሱቺንግ ነው። ከፉአን ከተማ በላይ ካለው ተራራ ላይ ተቀምጬ ሻይ አስራለሁ። ለጋውን የሻይ ቀንበጥ በእንፋሎት አለሰልሰዋለሁ፣ እግሩን አስተካክዬ በነጭ የጥጥ ክር አስረዋለሁ፣ መሀሉ ላይ አበባ እሰካለሁ። ከዚያ ቀንበጡን ወደ ላይ መልሼ አበባውን እሸፍነውና በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጠምዝዤ፣ በመዳፍ የምትያዝ ድቡልቡል አደርገዋለሁ። በፍም ሙቀት ቀስ ብሎ ይደርቃል። የገዛው ሰው ሙቅ ውሃ ሲያፈስበት ቅጠሉ ይዘረጋል፣ አበባው ይወጣል። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ይህንን ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጄን ፔይላንን ያሳደግኳትም፣ ፋርማሲስት እስክትሆን ያስተማርኳትም በዚሁ ነው።

ፔይላን ሺያመን ከተማ ስትሠራ ዠንሃይ ከሚባል የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ጋር ተዋደደች። እኔም ወደድኩት። ቤቴ መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ የኖረውን የኩሽናዬን ቧንቧ ፈታትቶ ገጠመልኝ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ይናገራል።

አባቱ ልያው ቹንሙ የአንሺ ሰው ነው። አንሺ የኦሎንግ ሻይ አገር ናት፤ የዚያ ሰው ከራሱ ሻይ ሌላ ሻይ ያለ አይመስለውም። በአዲስ ዓመት ዠንሃይ የእኔን ሻይ በካርቶን ይዞለት ሄደ። ሽማግሌው አንዷን ድቡልቡል በሁለት ጣቱ አነሳና አሸተታት። «ቅጠሉ ጥሩ ቢሆን ኖሮ አበባ ውስጥ ምን አስደበቀው?» አለ። ካርቶኑን ዘግቶ መደርደሪያ ላይ አኖረው፣ አልቀመሰውም። ዠንሃይ ደግሞ ይህችን ይዞ ለፔይላን ነገራት።

እኛ ዘንድ ሙሽራ ለባሏ አባትና እናት ሻይ ቀድታ በሁለት እጇ ካልሰጠች ሠርግ ሠርግ አይባልም። ፔይላን «የእናቴን እጅ ለናቀ ሰው በእጄ ሻይ አልሰጥም» አለች፣ ቀለበቱንም መለሰችለት። ስትወስን እንደ እኔ ናት፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አታደርግም፣ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሳትም።

ዠንሃይ በሳምንቱ ብቻውን መጣ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ እርጥብ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ቆመ።

«እትዬ፣ አበላሸሁት።»

«አዎ፣ አበላሽተኸዋል። አፍ ሰጥቶህ መዝጊያ ነስቶሃል።»

«አባዬ ክፉ ሰው አይደለም።»

«ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይከፋኛል? ሻይ የሚያውቅ ሰው ነው እኮ የሰደበኝ።»

እውነቴን ነው። ሽማግሌው የተናገረው ጭራሽ ውሸት ቢሆን ስቄ በተውኩት። አበባ ውስጥ ስብርባሪ ቅጠል፣ ያለፈ ዓመት ትራፊ የሚቋጥሩ ማሰሪያ ቤቶች አሉ፤ ደጃቸው ድረስ አውቃቸዋለሁ። የሚያስሩት ሰው አያየውም ብለው ነው። ሰውየው እኔን ከእነሱ ጋር አንድ ላይ ከመረኝ። ሌሊት ትራስ ላይ ሳይቀር እያነሳሁ ስጥለው ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ለመሄድ ቆረጥኩ። ለፔይላን ስልክ ደወልኩላት።

«እማ፣ ልትለምኚው ነው?»

«የምን ልመና? ላሳየው ነው እንጂ።»

«ባያይስ?»

«ካላየማ አብረን እንመለሳለን። አንቺም አታገቢውም፣ እኔም ስሙን ደግሜ አላነሳም።»

ልጁን እንደምትወደው ከዝምታዋ ገባኝ። «እሺ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ግን አንድ ጊዜ ብቻ።»

ከጸደዩ የቺንግሚንግ በዓል አራት ቀን አስቀድሜ፣ ሻዩ ገና ለጋ ሳለ፣ ከራሴ እርከን ላይ ቀንበጥ ቀጠፍኩ። ጤዛው እስኪተን ጠበቅኩ፤ እርጥብ ቀንበጥ ሲደርቅ ይጠቁራል። ሁሉንም ቁመቱን እያየሁ አንድ በአንድ ነው የቀጠፍኩት፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ቀንጥሼ። ከቀይ የሊሊ አበባ በላይ ዘጠኝ የጃስሚን አበባ በክር ሰክቼ፣ ከአንዱ ጎን ተነስቶ ወደ ሌላው የሚሻገር ቅስት ልሠራ ነበር ያሰብኩት። ብዙ ሰው ቅስት ይሠራል። የእኔ ግን አንዱ ጃስሚን ከወጣ በኋላ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ በተራ እንዲነሳ ነው የፈለግኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቼ ውሃ ውስጥ ከፈትኩ። አንዷ ተገለበጠች፣ አንዷ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘረገፈችው፣ አንዷ ግማሹን ይዛ ቀረች። አሥራ አንደኛዋ እንዳሰብኩት ሆነች። አሥራ ሁለተኛዋን ልክ እንደዚያችው አስሬ ሳልከፍት አደረቅኳት። ይህ ሥራ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት፣ ለሰው የምትሰጪው ሁልጊዜ ራስሽ ያላየሽው ነው።

በግንቦት መጀመሪያ የሥራ ዕረፍት ላይ ከፔይላን ጋር በባቡር፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሄድን። ድቡልቡሏን በቆርቆሮ፣ ቆርቆሮዋን በሹራብ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣት ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ለመንገድ ብዬ የጣልኳቸው ሁለት ሦስት ተራ የገበያ ድቡልቡሎችም ነበሩ፤ እነሱን ማንም እንዲያያቸው አላሰብኩም።

ልያው ቹንሙ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ረጅምና ቀጭን ነው፣ ጣቶቹ በሻይ ብዛት ቡናማ ሆነዋል። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሰውየው ግን ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀኝ፣ ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አስገባው። በእንዲህ ዓይነት ሰው ላይ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። ሚስቱ ዪንሁዋ ድቡልቡል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ከፊቴ ከመረችና «ብሉ፣ ሻይ በባዶ ሆድ አንጀት ይቆርጣል» አለችን።

ፔይላን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰውየውን «ጋሼ» እያለች ብቻ ስትመልስለት ነበር፤ በትህትና፣ ግን ከአንድ ቃል በላይ ሳትጨምር። ዠንሃይ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል፣ የፈለፈለውን አይበላም።

ቆርቆሮዬን ከፍቼ ድቡልቡሏን በሁለት እጄ ሰጠሁት። «የሠራሁት ነው። አብረን እንድንጠጣው።»

ተቀበለኝ። ለረጅም ጊዜ ገለባብጦ አያት። ምን እንዳሰበ ፊቱ ላይ አይነበብም። ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ሲፈታው ትንሽ የሸክላ በራድ ናት፤ ከጡጫዬ ብዙም አትበልጥም፣ እጅ ብዛት አለስልሷት ታበራለች።

ዠንሃይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የአያቴ በራድ ናት። እህቴ ስትዳር ነበር ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣት።»

ገባኝ። ሰውየው ሻዬን ንቋል፣ እንግድነቴን ግን አልናቀም። በቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ የከበረውን ነው ያወጣልኝ። ለእኔ ሻይ ግን ከዚህ የከፋ ዕቃ ሊያወጣ አይችልም ነበር።

የእኔ ሻይ ረጅም ብርጭቆ ነው የሚፈልገው፣ ወለል ብሎ የሚያሳይ። ውሃው ፈልቶ ትንሽ በረድ ካለ በኋላ በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ቀስ ተደርጎ ይወርዳል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው፤ አይማሰልም፣ አይነካም፣ አይነቀነቅም። ያ መጠበቅ የሻዩ ግማሽ ነው። ሰውየው ግን እንደ አንሺ ሰው ሊያፈላው ነው፤ ጡጫ በምታህል በራድ፣ በሚንተከተክ ውሃ፣ ክዳን ዘግቶ።

ለምን አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። በሰው የሻይ ገበታ ላይ የሚያፈላው ባለቤቱ ነው። እንግዳ ማንቆርቆሪያ አይነካም፣ እንዲህ አድርግም አይልም። በራሱ ቤት፣ በልጁ ፊት፣ የአባቱን በራድ ይዞ ሳለ «አይደለም፣ ተሳስተዋል» ብለው በጥፊ ከመምታት አይለይም። ፔይላን ተናገሪ በሚል ዓይን አየችኝ። ምላሴን ነከስኩ። እኔ፣ ልየን ሱቺንግ።

ድቡልቡሏን በራዷ ውስጥ ጣላት፣ በጠባቡ አፏ ለጥቂት አለፈች። ማንቆርቆሪያውን ወደ ላይ አንስቶ ውሃውን ከከፍታ ለቀቀው። እጁን ሳየው፣ ሥራዬ እየተበላሸ እንኳ፣ ማድነቄ አልቀረም። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ፣ አንዲት ጠብታ አልተፈናጠረችም፤ ቡናማ አንጓዎቹ ሳይንቀጠቀጡ ዞሩ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር በትክክል ሲያደርግ የኖረ ሰው እጅ ነው። ወዲያው ደግሞ የመጀመሪያውን ውሃ ከሥሩ ውሃ በሚያጠራቅመው ትሪ ላይ ደፋው፣ ሻዩን አጠበ ማለቱ ነው። ሁለተኛውን አፍልቶ ዓይን እስኪጨፈን ሳይቆይ በየሲኒው ቀዳው።

ጠጣን።

«ልስልስ ያለ ነው» አለ ቹንሙ በመጨረሻ።

«ውሃ ነው» አለች ዪንሁዋ።

አፈጠጠባት። እሷ ኦቾሎኒዋን መፈልፈሏን ቀጠለች።

ሦስተኛውን ቀዳ። ትንሽ ቢጫ ሆኗል፣ የጃስሚን ሽታም መጣ። ቅንድቡ በትንሹ ተነሳች። «ዘገምተኛ ሻይ ነው» አለኝ፣ በደግነት፣ ለታመመ ዘመድ እንደሚባለው። ደም ፊቴ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። አራተኛውን ውሃ ጨምሮ በራዷን ሲኒው ላይ አዘነበለ። አንድ ጠብታ ወረደችና ቆመ።

ይበልጥ አዘነበለ። ምንም የለም። ትንሽ ነቀነቃት፤ ከነቀነቃት በኋላ እንደዚያ በማድረጉ እንዳፈረ አየሁ። መልሶ ሲያስቀምጣት የበራዷ ክዳን ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ማንም አልነካውም። ሁላችንም አፍጥጠን አየነው።

ቹንሙ ክዳኑን አንስቶ በአንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ አጮለቀ። «ሞልቷል» አለ፣ ለራሱ።

ጆሮው ቀላ። እንግዳ ፊት የማትቀዳ በራድ፣ ያውም የአባቱ። ዠንሃይ መሬት መሬት ያያል። ዪንሁዋም ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቋን ተወች። ሰውየው ሻይ የሚጎረጉርበትን የቀርከሃ ስንጥር አንስቶ ወደ በራዷ አፍ ሰደደው።

«አይንኩት» አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ፔይላን ዓይኗን ጨፈነች። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም ብዬ ቀጠልኩ።

«ከጎተቱት ይበጣጠሳል። ብጥስጣሹ የበራዷ ጡት ውስጥ ገብቶ ይወተፋል፣ ያኔ የሚያወጣው የለም። ይስጡኝ፤ እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ እኔ ልፍታው።»

ያቺን በራድ ከቤቱ ሰው በቀር ማንም ነክቷት እንደማያውቅ ሳልጠይቅ አውቄያለሁ። እኔን አየኝ፣ በራዷን አየ። ከዚያ በሁለት እጁ ገፋ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠልኝ።

ውሃውን ትሪው ላይ አፈሰስኩና በአፏ በኩል አየሁ። ተከፍታለች። ሙሉ በሙሉ ነው የተከፈተችው፤ ቀዩ ሊሊ መሀል ላይ፣ ዘጠኙ ጃስሚን ከላይ፣ ቅስቱ የበራዷን ጣሪያ ታክኮ አጎንብሶ። አንዱም አልጎደለም። በጨለማ፣ ማንም ሳያያት፣ ልክ እንደነገርኳት ሆናለች። አንድ በአንድ ጠርቼ በዚያች ቀዳዳ ላሳያቸው አሰብኩ። ሰውየውን ቀና ብዬ ሳይ ግን ጆሮው አሁንም እንደቀላ ነው፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደሚቀጣ ተማሪ ተቀምጧል። እኔን ለማክበር ብሎ ነው እዚህ ውስጥ የገባው። አሳዘነኝ።

የክሩን ጫፍ የት እንደወሸቅኩት እጄ ያውቃል። በስንጥሩ ፈልጌ አወጣሁትና ሳብኩት። ቋጠሮው ላላ። አንድ ወር የለፋሁባት ነገር በአንዲት ትንፋሽ ተፈታች። ከዚያ ጃስሚኑን አወጣሁ፣ ሊሊውን አወጣሁ፣ ቀንበጡንም አንድ በአንድ እያወጣሁ ትሪው ላይ ደረደርኩት። ሰባ ያህል ነበሩ። የመጨረሻው ሲወጣ በራዷን በሙቅ ውሃ አለቅልቄ መለስኩለት።

«ይኸው። ምንም አልሆነችም።»

በራዷን ተቀበለኝ እንጂ አላያትም። ትሪውን ነበር የሚያየው።

የአንሺ ሰዎች ሻይን በመጨረሻ የሚፈርዱት ተጠጥቶ ከቀረው ቅጠል ነው። ቅጠሉን ዘርግተው ያዩታል፣ ይዳስሱታል፤ ሻጩ የዋሸው ሁሉ እዚያ ይወጣል። ቹንሙ መነጽሩን አደረገ። አንዱን ቀንበጥ አንስቶ ጣቱ ላይ ዘረጋው፣ ጫፉን አየ፣ እግሩን አየ። ሁለተኛውን አነሳ። ከመሀል አንድ፣ ከዳር አንድ፣ ከታች ደግሞ አንድ አነሳ። ማታለያ የሚፈልግ ሰው እንደሚያደርገው ነው ያደረገው። ማንቆርቆሪያው ብቻ ይንሾካሾካል።

«ማን ቀጠፈው?» አለኝ።

«እኔ።»

«በጥፍር አይደለም።»

«በጥፍር አልቀጥፍም።»

«መቼ?»

«ከቺንግሚንግ አራት ቀን በፊት። ጤዛው ከተነነ በኋላ።»

ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ከታች በኩል፣ ድቡልቡሏ ውስጥ ከሁሉ ወደ ውስጥ ከነበሩት፣ አንዱን አነሳ። «ይሄ እምብርቱ ላይ የነበረው ነው?»

«አዎ።»

«ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው። አንድም የተሰበረ የለም።» መነጽሩን አወለቀ። «ይሄንን ግን ማን ሊያየው ነው? ከአበባው ሥር ነው ያለው። ገዢው አያየውም። የሚጠጣው አያየውም።»

«ማንም አያየውም» አልኩት።

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔ አውቀዋለኋ።»

ቀንበጡን ወደ ነበረበት ቦታ፣ ከጓደኞቹ እኩል አስተካክሎ መለሰው። «በአዲስ ዓመት የተናገርኩት ደርሶዎታል» አለ። አልጠየቀኝም፣ ልጁን ያውቀዋል። «ሳልከፍት ነው የተናገርኩት። አርባ ዓመት ሰው ቅጠል ሳያይ አይፍረድ ስል ኖሬ፣ ሳልከፍት ተናገርኩ። አጥፍቻለሁ።»

ዠንሃይ አባቱን እንደዚያ ሲናገር ሰምቶት እንደማያውቅ ከተከፈተው አፉ አየሁ።

«አበባዋን ግን ማንም አላየም» አለች ፔይላን።

ከመጣን ወዲህ ከአንድ ቃል በላይ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ትሪው ላይ የወደቁትን ጃስሚኖች ነበር የምታየው። «እናቴ አንድ ወር ሙሉ የሠራችው ቅጠሉን ለማሳየት አልነበረም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «ሌላ የለዎትም?»

አፈርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያሉት ተራ ሥራዎች መሆናቸውን ነገርኩት፤ አንዲት ሐምራዊ አበባ፣ ከላይዋ ጃስሚን፣ ሌላ ምንም የሌላቸው፣ በቀን ሰማንያ የማስራቸው። «ያምጡት» አለ። «በምን ነው የሚፈላው?»

«በረጅም ብርጭቆ።»

በዚያ ቤት ሃምሳ ሲኒ አለ፣ ረጅም ብርጭቆ ግን የለም። ዪንሁዋ ኩሽና ገብታ የዠንሃይን የቢራ ብርጭቆ አጥባ አመጣች። ቹንሙ ብርጭቆውን አይቶ ፊቱን አጨማደደ፣ ግን ምንም አላለም። ማንቆርቆሪያውን አንስቶ፣ ትንሽ አመነታና፣ እጀታውን ወደ እኔ አዞረው።

«አይ፣ እርስዎ ይቅዱ» አልኩት። «የእርስዎ እጅ ከእኔ ይሻላል። በጎን በኩል ብቻ ያውርዱት፣ ከከፍታ አይልቀቁት።»

ቀዳ። በጎን በኩል፣ እንዳልኩት፣ አንድ አረፋ ሳያስነሳ። ወዲያው እጁ ወደ ብርጭቆው ሄደ።

«አይንኩት።»

«እስከ መቼ?»

«ሦስት ደቂቃ።»

«ሦስት ደቂቃ» አለ፣ ሦስት ዓመት እንዳልኩት ሁሉ። «በሦስት ደቂቃ እኮ የእኛ ሻይ አምስት ጊዜ ይጠጣል።»

«እጅዎን ጭንዎ ላይ ያድርጉ።»

ዪንሁዋ ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አደረገ። ድቡልቡሏ መጀመሪያ ተንሳፈፈች፣ ተሽከረከረች፣ ከዚያ ጠጥታ ወደ ታች ወረደች። ትንንሽ አረፋዎች ከሥሯ ወጡ። አንድ ቅጠል ተላቀቀ፣ ቆየት ብሎ ሌላው። ቀጥሎ ሁሉም ቀስ እያሉ ተዘረጉና ሐምራዊዋ አበባ ከመሀላቸው ብቅ አለች፤ ጃስሚኗ በክሯ ላይ ከፍ እያለች ወጥታ ከላይዋ ቆመች። በቀን ሰማንያ የማስራት ተራ ሥራ ናት። እነዚህ ተራዎቹ ሲከፈቱ ሳላይ ምን ያህል ዓመት እንዳለፈ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እኛ እናስራለን፣ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ቆንጆ ናት። ራሴ ስለሠራኋት አይደለም፣ ቆንጆ ስለሆነች ነው።

ቹንሙ ፊቱን ከብርጭቆው እኩል ዝቅ አድርጎ ያያት ነበር። ሦስቱ ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል፣ እሱ ግን እጁን ከጭኑ አላነሳም።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ገበታ ሻይ ስጠጣ» አለች ዪንሁዋ፣ «የማየው ያንተን ፊት ነበር። ገና ዛሬ የሚታይ ነገር መጣ።»

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው» አላት።

በትንንሽ ሲኒ ተቀዳና ቀመሰ። አፉ ውስጥ አቆየው፣ ዋጠው፣ አሰበበት። «ጣዕሙ የእኛን አይደርስም» አለ።

«አይደርስም» አልኩት። «የእናንተም መልኩ የእኛን አይደርስም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ፣ በቁም ነገር። «ጥሩ ሻይ ነው፣ ወይዘሮ ልየን። ከላይም ጥሩ ነው፣ ከውስጥም።»

ፔይላን ከወንበሯ ተነሳች። ሰው ሁሉ ልትወጣ መሰለው፤ ዠንሃይ እንዲያውም ግማሽ ተነስቶ ነበር። ከብርጭቆው አንድ ሲኒ ቀዳች፣ ሻዩ እንዳይፈስ በጥንቃቄ በሁለት እጇ ያዘችው፣ በገበታው ዞራ ሽማግሌው ፊት ቆመችና ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ይጠጡ።»

እኛ ዘንድ ሙሽራ የባሏን አባት አባባ ብላ የምትጠራው በሠርጓ ቀን ሻዩን ስትሰጠው ነው። ከዚያ በፊት አይባልም፣ ከዚያ በኋላም አይመለስም። ሲኒው መሀል ላይ ቆየ። ከከፍታ ውሃ ሲያወርድ አንዲት ጠብታ ያላፈናጠረው የሰውየው እጅ፣ ሲቀበላት ሻዩን ጣቱ ላይ አፈሰሰ።

«ሠርጉ እኮ ገና ነው» አለ ዠንሃይ። እናቱ ጭኑን ቆነጠጠችው።

ቹንሙ ሻዩን እስከ አተላው ጠጣው። ሲኒውን በጥንቃቄ አስቀመጠ። «ለእናትሽም ቅጂ፣ ልጄ» አላት።

ባሌ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ልጄ አባባ የሚለውን ቃል ሌላ ሰው ላይ ስታሳርፈው አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ከፋኝ። ደስም አለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የዋጥኳቸው። ፔይላን ሁለተኛውን ሲኒ ቀድታ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«እማ» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ተቀበልኳት፣ ጠጣሁም።